አብዷል የተባለው ቁጥር፦ በምሥራቅ ጎጃም አንድ ዱቄት ፋብሪካ የተገኘ የስክሪን አድራሻ ስሕተት

"ኢንጂነር፣ ስንዴው ሊጥ ሆነብን፤ ስክሪኑም አልታዘዝ አለን።"

ደዋዩ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ያለ የአንድ ዱቄት ፋብሪካ የምርት ኃላፊ ነው፤ ጊዜው ጥር፣ የቃና ዘገሊላ ማግስት። የስንዴው መራስና የስክሪኑ አለመታዘዝ አንድ ጉዳይ ይሁን ሁለት በስልክ ሊለይልን አልቻለም። በነጋታው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከባሕር ዳር ተነሥቼ፣ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አድርጌ ቀትር ሳይሞላ ደረስሁ።

እዚያ ያገኘሁት የአንድ ቆጠራ ልዩነት ነው። አንዱ ስክሪን ከዜሮ፣ ሌላው ከአንድ መቁጠሩ። ይህቺ ልዩነት አራት ወር ሙሉ ፋብሪካውን ሐሰተኛ ቁጥር ስታሳየው፣ ማንቂያውን አፍና ስትይዝና የአንድ አዋቂ ሽማግሌን ቃል ስታስንቅ ኖራለች። በየፋብሪካችን የተቃጠለ ስክሪን በሌላ ዓይነት መተካት የተለመደ ሥራ ስለሆነ፣ ነገሩን ከነቁጥሩ ላስቀምጠው ወደድሁ።

ውሃው ለምን እንደሚጨመር

ስንዴ በሙቀጫ ሲፈተግ ያየ ሰው ውሃው ለምን እንደሚያስፈልግ ያውቃል። ጥቂት ውሃ ካልተረጨበት ቅርፊቱ ይደቅቃል እንጂ አይላጥም። ፋብሪካም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የተጣራው ስንዴ በሚያመላልሰው ጠመዝማዛ ውስጥ ሲያልፍ ውሃ ይረጭበታል፤ ከዚያ እንደ ስንዴው ጥንካሬ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ጎተራ ውስጥ ያርፋል። ቅርፊቱ እንደ ቆዳ ይለጠጣል፣ ውስጡ ይለሰልሳል። የሚፈጨው ሮለር ሲይዘው ፉርሽካው በሰፋፊው ይገነጠልና ነጩ ለብቻው ይወጣል። ውሃ ሲያንስ ፉርሽካው ደቅቆ ከዱቄቱ ጋር በወንፊት ያልፋል፤ ዱቄቱ ይጠቁራል። ሲበዛ ደግሞ ወንፊቱ ይደፈናል፣ ሮለሩ ይታነቃል፣ ስንዴው ከጎተራ አልወርድም ይላል።

መጠኑ በግምት የሚሆን አይደለም። 11 በመቶ እርጥበት ያለውን አንድ ቶን ስንዴ ወደ 16 በመቶ ለማድረስ፣ የሁለቱን ልዩነት 5ን፣ 100 ሲቀነስ 16 ለሚሆነው ለ84 አካፍሎ በ1,000 ማባዛት ነው፤ 59.5 ሊትር ይሆናል። ይህ ፋብሪካ በሰዓት 8 ቶን ስለሚያረጥብ በሰዓት 476 ሊትር ያስፈልገዋል። ስንዴው 13 በመቶ ይዞ ከመጣ ግን ልዩነቱ 3 ብቻ ነውና 286 ሊትር ይበቃዋል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች፣ 476ንና 286ን፣ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

ውሃውን የሚመጥነው ፒኤልሲው፣ ማለትም ማሽኑን የሚቆጣጠረው ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ በመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦ የፍሎው ሜትሩን፣ ማለትም የውሃ ፍሰት መለኪያውን ልክ ያነባል፣ ቫልቩን ከፈት ዘጋ ያደርጋል። በሳጥኑ በር ላይ የተገጠመው ባለ 7 ኢንች ንክኪ ስክሪን አያስብም፣ አይለካም። ከፒኤልሲው ማኅደር (ሜሞሪ) ውስጥ "ከዚህ አድራሻ ያለውን ቁጥር አምጣልኝ" ይላል፣ የመጣለትን ያሳያል፤ ሠራተኛው ቁጥር ሲጽፍበትም "ይህን በዚያ አድራሻ አስቀምጥልኝ" ይላል። አድራሻው ከተሳሳተ ስክሪኑ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የመጣለትን ቁጥር በተሰጠው ስም ሥር ያስቀምጣል።

ስክሪኑ እንዴት ተለወጠ

በነሐሴ ወር፣ ያ የጎጃም መብረቅ ሲያጓራ በዋለበት አንድ ከሰዓት የድሮው ስክሪን ጠፍቶ ቀረ። ፒኤልሲው ግን ተርፏል። መጀመሪያ የተከሉት ሰዎች የፒኤልሲውን ፕሮግራም በይለፍ ቃል ቆልፈውት ሄደዋል፤ የአድራሻ ዝርዝርም አልተዉም። የተረፈው የድሮው ስክሪን ፋይል ብቻ ነው፣ እሱም አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ። ተመሳሳይ ስክሪን ስላልተገኘ የሌላ ድርጅት ሥሪት ተገዛና በመስከረም አንድ ባለሙያ መጥቶ ገጠመው።

የዚያን ባለሙያ ሥራ ስከፍተው አደነቅሁት። ገጾቹ የጠሩ ናቸው፣ ስሞቹ በአማርኛ ተጽፈዋል፦ "የታዘዘ ውሃ"፣ "የሚፈስ ውሃ"፣ "የፈረቃ ድምር"። አድራሻዎቹን ከድሮው ፋይል አንድ በአንድ ገልብጧል፤ አንዲትም አልሳተም። ስሕተቱ የተወለደውም ከዚህ ታማኝነት ነው።

በገጠመበት ቀን "ፓምፕ አስነሣ" የሚለው ቁልፍ ሲነካ ፓምፑ አልተነሣም፤ ሌላ መብራት በራ። ባለሙያው ሞካክሮ የቁልፎቹና የመብራቶቹ አድራሻ ሁሉ በአንድ እንደተገፋ ደረሰበት፣ ሁሉንም አንድ ጨመረባቸው፣ ሁሉም ሠሩ። ለምን እንደተገፉ ግን አልጠየቀም፤ የቁጥሮቹ አድራሻም አብሮ ተገፍቶ ይሆን ወይ ብሎ አልመረመረም። ይህን ስል ልፈርድበት አይደለም፤ እኔም በዚህ ሥራ የመጀመሪያ ዓመታቴ እንዲሁ አድርጌ ወደ ቤቴ ልሄድ እችል ነበር። ቁልፍ ሲሳሳት ይጮኻል፤ የማይነሣ ፓምፕ ሁሉም ያየዋል። ቁጥር ሲሳሳት ግን ሌላ ቁጥር ሆኖ ዝም ይላል።

አንድ ቁጥር ብቻ ነበር ዝም ያላለው። "የፈረቃ ድምር" በሚለው ሳጥን ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኮከቦች ተደረደሩ። ይህ ስክሪን የመጣለት ቁጥር ከተሰጠው አኃዝ ሲበልጥበት ኮከብ ነው የሚያሳየው። ሳጥኑ ለ6 አኃዝ ነበር፤ ወደ 10 አኃዝ ተሰፋለት። ኮከቦቹ ሄዱ፣ በምትካቸው መቶ ሚሊዮን የሚዘል ቁጥር መጣ። የአንድ ፈረቃ ውሃ በሊትር ነው እንግዲህ! ሠራተኞቹ "አብዷል" ብለው ተዉት፤ ድምሩ ለምርቱ ግድ ስላልነበረው ማንም አልተከታተለውም።

አያ ያሉትና ስክሪኑ ያለው

ዋናው የወፍጮ ባለሙያ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። ሁሉም "አያ" ነው የሚላቸው፤ እኔም እንዲሁ አልኋቸው። ከጎተራው የሚወጣውን ስንዴ ጥቂት ፍሬ ያነሡና በፊት ጥርሳቸው ይነክሱታል። በኅዳር መጀመሪያ የከተማው ዳቦ ጋጋሪዎች "ዱቄታችሁ ጠቆረ" ብለው መመለስ ሲጀምሩ አያ ነክሰው "ውሃ አንሶታል" ብለዋል።

"አያ፣ ይኸው ስክሪኑን ይዩታ" አሏቸው። የታዘዘ ውሃ 476፣ የሚፈስ ውሃ 476።

"እንግዲያ ጥርሴ አርጅቶ ይሆናል" ብለው ዝም አሉ። ይህን የነገረችኝ የስክሪኑ ኦፕሬተር ናት፤ ስትነግረኝ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። ጥፋቱ ወደ ስንዴው ተላከ፤ ነጋዴው ያረጀ ስንዴ ሸጠልን ተባለ።

ታኅሣሥ አልፎ አዲሱ ስንዴ ሲገባ በመለኪያ 13 በመቶ ተገኘ። ኦፕሬተሯ ሒሳቡን ሠርታ 286 ጻፈች። የታዘዘ ውሃ 286 አለ። የሚፈስ ውሃ ግን 476 እንዳለ ቀረ። ደግማ ጻፈች፣ ስክሪኑን አጥፍታ አበራች፤ ያው 476። በሦስተኛው ቀን ጎተራው ታነቀ። ሲደወልልኝ ወጣቶቹ ጎተራውን ከሥር በብረት እየወጉ ስንዴ ያወርዱ ነበር።

ዐሥር ደቂቃ መቀመጥ

እንዲህ ያለ ቦታ ስደርስ ላፕቶፕ ከማውጣቴ በፊት ወንበር ስቤ ቁጥሮቹን ማየት ልማዴ ነው። "የሚፈስ ውሃ" ላይ ዓይኔን ተክዬ ዐሥር ደቂቃ ተቀመጥሁ። 476። 476። 476። ከፍሎው ሜትር የሚመጣ ቁጥር እንዲህ አይቆምም። ውሃ በቱቦ ሲሄድ ይገፋል፣ ይላላል፤ ቫልቩ ይከተለዋል። ሁለት ሦስት ሊትር ወጣ ወረድ ሳይል ዐሥር ደቂቃ ከቆመ ያ ቁጥር የተጻፈ እንጂ የተለካ አይደለም።

"እህቴ፣ ይህ ቁጥር ተንቀሳቅሶ ያውቃል?" አልኋት።

"የድሮው ስክሪን ላይ ይዘል ነበር" አለችኝ። "አዲሱ ሲመጣ ጸጥ አለ። ጥሩ ዕቃ ነው አልን።"

ከዚያ ወደ ድምሩ ዞርሁ። "እሱን ተወው ኢንጂነር፣ እሱ ከመጣ ጀምሮ አብዷል" አለችኝ። እኔ ግን የሚንቀሳቀሰው እሱ ብቻ ስለነበር ወረቀት አውጥቼ ያየሁትን መጻፍ ጀመርሁ።

158,400,915።

158,400,913።

158,400,917።

ዘጠኝ ሰከንድ ያህል በመጨረሻዎቹ አኃዞች ብቻ ሲወላወል ቆየና ድንገት ዘለለ፦ 158,466,449። ከመዝለሉ በፊት የጻፍሁትን የመጨረሻ ቁጥር ከዚህ ስቀንስ ልዩነቱ 65,532 ሆነ። በዚህ ሙያ ያለ ሰው ይህን ሲያይ 65,536 ትዝ ይለዋል። የፒኤልሲ ማኅደር ሬጂስተር በሚባሉ የቁጥር ማስቀመጫዎች የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ ሬጂስተር 16 ቢት ስለሆነ ከ0 እስከ 65,535 ብቻ ይይዛል። ከዚያ ለሚበልጥ ቁጥር ሁለት ሬጂስተር ጎን ለጎን ይያዛል፤ አንደኛው እንዳለ ይነበባል፣ ሁለተኛው በ65,536 ተባዝቶ ይደመርበታል። እዚህ ፋብሪካ ድምሩ ባለ ሁለት ሬጂስተር ነው፣ ታናሹ፣ እንዳለ የሚነበበው ሬጂስተር ይቀድማል። ስለዚህ ቁጥሩ በየዘጠኝ ሰከንዱ በ65,536 ገደማ የሚዘል ከሆነ፣ በታላቁ ሬጂስተር ቦታ የተቀመጠው ነገር በየዘጠኝ ሰከንዱ አንድ የሚጨምር ነው ማለት ነው።

158,400,915ን ለ65,536 አካፈልሁት። 2,417 ደርሶ 403 ተረፈ።

ሰዓቴን አየሁ፤ ቀን 6 ሰዓት። ፈረቃው የጀመረው ጧት 12 ሰዓት ነው። በስድስት ሰዓት 2,417 ሊትር ከሆነ በሰዓት 403 ገደማ ይደርሳል፤ የተረፈውም 403። በሰዓት 400 ሊትር የሚፈስ ውሃ ደግሞ አንዱን ሊትር በ9 ሰከንድ ነው የሚሞላው። እብድ የተባለው ቁጥር እውነተኛውን ድምርና እውነተኛውን ፍሰት በአንድ ላይ ተሸክሞ አራት ወር ሲናገር ኖሯል። በዚያ ስክሪን ላይ ከነበሩት ሦስት የውሃ ቁጥሮች መለኪያው የላከውን ያልደበቀ እሱ ብቻ ነው።

ወረቀት ላይ የወጣ ሒሳብ ግን ለማንም ማስረጃ አይሆንም። አያን ጠርቼ 20 ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጀሪካን አስመጣሁ። ሦስት ደቂቃ ደረቅ ስንዴ ቢገባ 400 ኪሎ ነው፣ ይሁን ተባለ። ቱቦውን ከመርጫው ላይ አውልቀን ጀሪካኑ ውስጥ ሰደድነው፣ አንዱ ልጅ በስልኩ ሰዓት ያዘ። ጀሪካኑ በ180 ሰከንድ ጢም አለ። 20 ሊትር በ180 ሰከንድ በሰዓት 400 ነው። 476 ቢሆን ኖሮ በ151 ሰከንድ፣ 286 ቢሆን በ252 ሰከንድ ይሞላ ነበር።

ሒሳቡን ወደ ኋላ መለስሁት። በአሮጌው 11 በመቶ ስንዴ ላይ 400 ሊትር ከገባ እርጥበቱ 15.2 በመቶ ይሆናል፤ ከሚፈለገው 16 ያንሳል። በአዲሱ 13 በመቶ ላይ 400 ሲገባ 17.1 በመቶ ይሆናል፤ ወንፊት ይደፍናል። "እንግዲያ ጥርሴ ደኅና ነበረ" አሉ አያ። የምርት ኃላፊው ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

ከዜሮ ወይስ ከአንድ

ፒኤልሲውና ስክሪኑ የሚነጋገሩት በሞድባስ ነው። ሞድባስ ሞዲኮን የተባለው ድርጅት በ1979 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያወጣው ቋንቋ ነው፤ ዛሬም ከጎጃም ዱቄት ፋብሪካ እስከ ባሕር ማዶ ማጣሪያ በየቦታው አለ። ከጥንት ጀምሮ በሰነድ ላይ የመጀመሪያው ሬጂስተር 40001 ተብሎ ይጻፋል፣ በሽቦው ላይ ሲላክ ግን 0 ሆኖ ነው የሚላከው። ሁለተኛው 40002 ተብሎ ይጻፋል፣ 1 ሆኖ ይላካል። እንግዲህ ስክሪን ሠሪዎች ተከፈሉ፦ አንዳንዱ ተጠቃሚው በሽቦው ላይ የሚላከውን ቁጥር ራሱን እንዲጽፍ ያደርጋል፣ ሌላው ከ1 ጀምሮ እንዲቆጥር አድርጎ አንዱን ራሱ ይቀንስለታል። ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጂ ፕላስ ሁለት ሲባል ሦስት ወለል ነው። ምድሩን ዜሮ ብሎ ለሚቆጥርና አንድ ብሎ ለሚቆጥር "ሁለተኛው ላይ ና" ብትሏቸው አይገናኙም።

የድሮው ስክሪን ከዜሮ ነበር የሚቆጥረው። አዲሱ ከአንድ። "10" ተብሎ የተገለበጠው አድራሻ በድሮው ወደ 10 ይሄድ ነበር፣ በአዲሱ ወደ 9 ይሄዳል።

ይህን በዓይን ለማየት ላፕቶፑን በቀጥታ ከፒኤልሲው ጋር አገናኘሁት። መስመሩ አርኤስ 485 የሚባለው ነው፤ ጠያቂው አንድ ብቻ መሆን አለበት፣ ስክሪኑም ላፕቶፑም ከጠየቁ ድምፃቸው ይጋጫል። ስለዚህ አስቀድሜ የስክሪኑን ገመድ ነቀልሁ። ስክሪን ቢነቀል ፒኤልሲው ሥራውን አያቆምም፤ ኦፕሬተሯ ይህን ስታይ ደነገጠች፣ ውሃው ሲቀጥል ተረጋጋች። የመስመሩን ቅንብር የጣቢያ ቁጥር 1፣ ፍጥነት 9600፣ 8 ቢት፣ ኢቭን ፓሪቲ፣ 1 ስቶፕ ቢት ብዬ ሞልቼ ከ7 እስከ 13 ያሉትን አነበብሁ።

7 ላይ 90፣ 8 ላይ 30፣ 9 ላይ 286፣ 10 ላይ 476፣ 11 ላይ 398፣ 12 ላይ 2,961፣ 13 ላይ 0።

የድሮው ፋይል እንደሚለው 10 የታዘዘ ውሃ ነው፣ 11 የሚፈሰው፣ 12 እና 13 ድምሩ። አዲሱ ስክሪን ግን "የሚፈስ ውሃ" ብሎ የሚያሳየው ከ10 የሚመጣውን፣ ማለትም በነሐሴ የታዘዘውንና ፒኤልሲው አቅፎት የቀረውን 476 ነው። ኦፕሬተሯ 286 ብላ የጻፈችው ደግሞ ወደ 9 ሄዷል፤ ስክሪኑም ከዚያው ከ9 መልሶ እያነበበ "የታዘዘ ውሃ 286" ይላታል። ያዘዘችው እንደተቀበለ ሆኖ ታያት፤ ለቫልቩ ግን አልደረሰም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የተጻፈውም ተይዞ የነበረውም 476 ስለነበረ ሁለቱ ተገጣጥመው ማንም አልጠረጠረም።

ማንቂያውስ? ውሃ ሲያንስ የሚጮኽ ጡሩንባ ነበራቸው። በድሮው ፋይል 8 ማለት "ከታዘዘው ስንት በመቶ ሲወርድ ይጩህ"፣ 9 ማለት "ስንት ሰከንድ ጠብቆ ይጩህ" ነው። ባለሙያው በመስከረም እንደ ድሮው 90 በመቶና 30 ሰከንድ ብሎ ጻፈ። 90ው ወደ 7 ሄደ፣ ደግነቱ 7 ባዶ ነበር። 30ው ወደ 8 ገባና ገደቡ 30 በመቶ ሆነ። 400 ከ476 አንጻር 84 በመቶ ነው፤ ከ90 ያንሳል፣ ከ30 ይበልጣል። ስለዚህ ጡሩንባው አልጮኸም። በ9 ላይ ደግሞ መጀመሪያ 476፣ በኋላ 286 ስለተጻፈበት፣ ቢጮኽ እንኳ መጀመሪያ ስምንት፣ በኋላም አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይጮኽ ነበር።

ይህ ክፍል ነው ያስጨነቀኝ። የተሳሳተ ማሳያ ያታልላል፤ የተሳሳተ ማስገቢያ ግን የማያውቀው ቦታ ላይ ይጽፋል። 9 ላይ የተቀመጠው የሞተር ፍጥነት ወይም የመከላከያ ገደብ ቢሆን ኖሮ፣ አንዲት ሠራተኛ ውሃ አዘዝሁ ብላ ማሽን ልትሰብር፣ ሰው ልትጎዳ ትችል ነበር።

ማረሙ

ማረሙ ከማግኘቱ ያነሰ ጊዜ ፈጀ። የስክሪኑን ፋይል እንዳለ ቅጂ አስቀመጥሁ። ፋይሉ ውስጥ 17 የቁጥር ሳጥኖች አሉ። ሶፍትዌሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አንድ ጨምርባቸው ቢባል ያደርገዋል፤ እኔ ግን አልወደድሁትም። ከ17ቱ ሁለቱ የፒኤልሲው ሳይሆኑ የስክሪኑ የራሱ ማኅደር ውስጥ ያሉ ናቸው፣ የገጹ ብርሃንና ሰዓቱ። እነሱ ላይ አንድ ቢጨመር አዲስ ስሕተት መትከል ነው። አንድ በአንድ ከፍቼ 15ቱን አረምሁ፦ 10 የነበረው 11፣ 11 የነበረው 12፣ ድምሩም 13 ሆኖ ባለ 32 ቢት (ሁለት ሬጂስተር)፣ ምልክት አልባ (ከዜሮ በታች የማይወርድ)። የድምሩን ሳጥን ከ10 አኃዝ ወደ 6 መለስሁት፤ ወደፊት ከመጠን ያለፈ ነገር ከመጣበት ኮከብ ያሳይ፣ ኮከብም መልእክት ነው።

የቁጥሩን ዓይነት ነገር ካነሣሁ አይቀር፦ አንድ የውሃ ፓምፕ ጣቢያ ላይ ግፊቱ 15.5 ሆኖ ሳለ ስክሪኑ 16,760 ሲል አይቻለሁ። እዚያ አድራሻው ልክ ነው፤ ፒኤልሲው ቁጥሩን ባለ ነጥብ፣ ማለትም ፍሎት አድርጎ በሁለት ሬጂስተር አስቀምጦት ስክሪኑ የላይኛውን ግማሽ ብቻ እንደ ሙሉ ቁጥር ስላነበበው ነው። ወደ 16 ሺህና 17 ሺህ አካባቢ የሚንጠለጠል ቁጥር ባየሁ ጊዜ አሁን መጀመሪያ የምጠረጥረው ፍሎትን ነው። በዚህ ፋብሪካ ግን ሁሉም ሙሉ ቁጥር ነበር፤ የውሃው ሙቀት ብቻ በ10 ተባዝቶ ተቀምጦ በስክሪኑ ላይ አንድ የነጥብ ቦታ ተሰጥቶታል፣ እሱም ልክ ነው።

አዲሱን ፋይል ጭኜ ስፈትሽ ለየሳጥኑ የተለያየ፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ ቁጥር ጻፍሁ፦ ለታዘዘ ውሃ 291፣ ለገደቡ 88፣ ለመጠበቂያው 33። ከዚያ ስክሪኑን ነቅዬ በላፕቶፕ አነበብሁ። 10 ላይ 291፣ 8 ላይ 88፣ 9 ላይ 33። በ476ና 476 ቢፈተሽ ኖሮ ያው ልክ መስሎ ያልፍ ነበር፤ እኩል የሆኑ ሁለት ቁጥሮች ቦታቸውን አይናገሩም። ከዚያ ትክክለኛዎቹን፣ 286፣ 90 እና 30ን አስገባን። በታዘዘ ውሃ ሳጥን ላይ ከ0 እስከ 9999 ይቀበል የነበረውን ከ0 እስከ 600 አጠበብሁት።

የቀረው 476 ታዞ ለምን 400 ብቻ እንደሚፈስ ነበር። ከቫልቩ በፊት ያለውን ማጣሪያ ስንፈታው ወንፊቱ በዝገትና በደለል ተለስኗል። ቫልቩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ እንኳ ከ400 በላይ ሊያሳልፍ አልቻለም። ልጆቹ በብሩሽ አጥበው መለሱት።

ውሃውን ስንለቀው ሁሉም ስክሪኑ ፊት ተሰብስቦ ነበር። የሚፈስ ውሃ 352 አለ፣ 310 አለ፣ 279፣ 284፣ 288፣ 286፣ 285። ማንም አልተናገረም። አያ መነጽራቸውን አውጥተው ጠጋ አሉ፤ "ይኸ ነው ውሃ" አሉ። ከዚያ የእጅ ቫልቩን ግማሽ አዘጋሁና ሰዓት ያዝን። በ30ኛው ሰከንድ ጡሩንባው ጮኸ።

ጎተራ ውስጥ የቀረውን የራሰ ስንዴ አያ ባዘዙት መጠን ከደረቅ ጋር እያደባለቁ በሦስት ቀን አወረዱት። እኔ ከመሄዴ በፊት የአድራሻውን ዝርዝር በሁለት ረድፍ አትሜ፣ አንዱን በሽቦው ላይ እንደሚላከው፣ ሌላውን በዚህ ስክሪን እንደሚጻፈው፣ በሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጠፍሁት። የስክሪኑን ፋይል በሁለት ፍላሽ ቀድቼ አንዱን ለምርት ኃላፊው፣ አንዱን ለመጋዘኑ ሰጠሁ።

ኦፕሬተሯ የፈረቃ መዝገቧ ላይ "የሚፈስ ውሃ" የሚለውን አንድ ዓምድ በማስመሪያ ለሦስት ከፈለችው። በየግማሽ ሰዓቱ ዐሥር ዐሥር ሰከንድ እያሳለፈች ሦስት ጊዜ ልታነብ ነው። የመጀመሪያውን መስመር ስትሞላ አጠገቧ ቆሜ ነበር፦ 285፣ 288፣ 283።